ስም ያላገኘ የሆድ ሕመም፦ የሴሊያክ ጥርጣሬና የምርመራ መንገድ በኦክላንድና በሳን ሆዜ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን

በስደት የምንገኝ ምሁራን በየጉባኤያችንና በየመጽሔቶቻችን የምንወያየው በአብዛኛው ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ታሪክና ስለ ቋንቋ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ስለ አገሩ የሚመክረው ሰው ሆድና አጥንት ያለው ፍጡር በመሆኑ፣ በባዕድ ምድር ስለሚገጥመው የጤና ችግር በገዛ ቋንቋው በተረጋጋ መንፈስ መነጋገርም የጥናት ሥራ አካል ነው ብለን እናምናለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሴሊያክ የተባለውን በሽታ ለአንባቢያን ማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ፣ በተለይም በኦክላንድና በሳን ሆዜ፣ ይህ በሽታ ሳይኖርብኝ አይቀርም እያለ የሚኖር ወገን ከጥርጣሬ ወደ እርግጠኛነት የሚደርስበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ይህን የምንጽፈው ሐኪሞች ስለሆንን አይደለም። በዚህ ጥርጣሬ ሥር ዓመታት ያሳለፍን በመሆናችንና፣ በእነዚያ ዓመታት በአማርኛ ተጽፎ ያገኘነው ነገር እጅግ ጥቂት ስለነበር ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በሽታው ምንድን ነው? በእኛ መካከል ስም ሳያገኝ የሚቀረው ለምንድን ነው? የተጠራጠረ ሰውስ ምን ማስቀደም፣ ምን ማስከተል ይገባዋል?

የበሽታው ምንነትና ታሪክ

ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ወደ አንጀት ሲገባ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ጥቃቱ በይበልጥ የሚያርፈው በቀጭኑ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። ይህ ግድግዳ በጤናማ ሰው ዘንድ ጣት በሚመስሉ እጅግ ጥቃቅን እጥፋቶች የተሸፈነ ሲሆን፣ ከምግብ የሚገኘው ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚንና ስብ ወደ ሰውነት የሚሻገረው በእነርሱ በኩል ነው። በሽታው ሲጸና እጥፋቶቹ እያጠሩና እየጠፉ ግድግዳው ሜዳ ይሆናል። በሽተኛው እየበላ ይራባል ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ሴሊያክን ከምግብ አለርጂ ጋር ያምታቱታል። አለርጂ ወዲያው ተነሥቶ ወዲያው ሊያልፍ የሚችል ሲሆን፣ ሴሊያክ ግን በዝግታ የሚሠራና ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው። ምልክቱም አንድ ዓይነት አይደለም። የታወቁት ምልክቶች ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋትና የክብደት መቀነስ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ አዋቂዎች ተቅማጥ ሳይኖርባቸው የብረት ክኒን ቢወስዱም የማይሻል የደም ማነስ፣ ያለ ዕድሜ የመጣ የአጥንት መሳሳት፣ መንሥኤው ያልታወቀ ድካም፣ የሚመላለስ የአፍ ቁስል፣ የፅንስ መጨናገፍ ወይም በክርንና በጉልበት ላይ የሚወጣ እጅግ የሚያሳክክ ሽፍታ ይታይባቸዋል። በሕፃናት ላይ የዕድገት መጓተት ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል።

በሽታው በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለው። ኤች ኤል ኤ ዲ ኪው 2 ወይም ዲ ኪው 8 የሚባሉት የዘር ምልክቶች የሌሉበት ሰው በዚህ በሽታ ሊያዝ አይችልም ለማለት ይቻላል። ምልክቶቹ ያሉበት ሁሉ ግን አይታመምም። በብዙ አገሮች ከሕዝቡ 30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ይህ ዘር ሲኖረው፣ የሚታመመው በዓለም ደረጃ ከመቶ አንድ ያህል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሰፊ ጥናት ምንም የተለየ ሥጋት ከሌለባቸው ሰዎች መካከል ከ133 አንዱ በሽታው እንዳለበት አሳይቷል። ከእነዚህም አብዛኞቹ መታመማቸውን አያውቁም ነበር።

የበሽታው ስም ሆድ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በጥንት ዘመን የኖረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬጤዎስ ተመሳሳይ ሕመም ገልጾ ጽፏል። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያውን ግልጽ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1888 ያሳተመው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጊ ነው። በሽተኛው የሚድን ከሆነ የሚድነው በአመጋገብ መሆኑን እርሱ ቢናገርም፣ ጥፋተኛው የትኛው ምግብ እንደሆነ አላወቀም። ይህን የደረሰበት በሄግ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ዲከ ነበር። ዲከ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ዳቦን ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት ሆላንድ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ ሲራብና ዳቦ ከገበያ ሲጠፋ፣ እነዚያ የታመሙ ሕፃናት እንደመሻል አላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ዲከ ይህን ጥርጣሬ በጥንቃቄ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1950 ለዩትሬኽት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በጀርመን የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሰውነት መከላከያ ኃይል የሚያጠቃው ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም መሆኑን ስላወቁ፣ በሽታውን በደም ምርመራ ለመጠርጠር የሚያስችል አስተማማኝ መንገድ ተከፈተ። ከሳን ሆዜ ብዙም በማይርቀው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቻይታን ኮስላና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ከግሉተን ውስጥ 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ቁራጭ የሆድ ኢንዛይሞች ሊፈጩት እንደማይችሉና በሽታውን የሚያነሣሣው በዋናነት እርሱ እንደሆነ አመለከቱ። እኛ በየዕለቱ የምናልፍበት መንገድ ዳር እንዲህ ያለ ዕውቀት ሲገኝ፣ በማኅበረሰባችን መካከል ግን የበሽታው ስም እንኳ በቅጡ አልተሰማም።

ስሙ ለምን አልተሰማም?

አንደኛው ምክንያት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የሕመም አጠራር ነው። በእኛ ዘንድ የሆድ ሕመም ሁሉ ከጥቂት ስሞች በአንዱ ይጠቃለላል፤ ጨጓራ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ኮሶ ወይም ብርድ ይባላል። እነዚህ ስሞች ባዶ አይደሉም። አሜባና ጃርዲያ በአገራችን በእርግጥ የተስፋፉ ሲሆን፣ ጨጓራ የምንለውን ሕመም ከሚያመጡት አንዱ የሆነው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ችግሩ ስሙ ቀድሞ ስለሚሰጥ ጥያቄው ቀድሞ መዘጋቱ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በዘመድ እጅ የመጣ የአሜባ መድኃኒት ተውጦ ሕመሙ ለሁለት ሳምንት ሲረግብ፣ ታማሚው የተፈወሰ ይመስለዋል። ሲመለስበት ደግሞ አሜባው ተመለሰ ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት በሐኪሞች በኩል ያለ ነው። ሴሊያክ ለረጅም ዘመን የአውሮፓውያን በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህ አስተሳሰብ መሠረት የሌለው መሆኑን ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው፣ በአልጄሪያ ምድር በስደት በሚኖሩት የምዕራብ ሰሐራ ሕዝቦች ላይ የተደረገው ነው። ከተመረመሩት ሕፃናት 5.6 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ተገኝቶባቸዋል፤ ይህም በዚያን ጊዜ በዓለም ከታወቀው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ቀድሞ በግመል ወተት፣ በቴምርና በሥጋ ይኖር የነበረ ሕዝብ በቅኝ ግዛት ዘመንና በኋላም በስደተኞች ሰፈር ውስጥ ስንዴን ዋና ምግቡ ማድረጉ በምክንያትነት ተነሥቷል። የእርዳታ ስንዴን ታሪክ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ጉዳይ ባዕድ ሊሆን አይገባም። የሆነው ሆኖ፣ በኦክላንድ ወይም በሳን ሆዜ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ከፊቱ ጥቁር አፍሪካዊ የተቀመጠ ሐኪም ስለ ሴሊያክ ለመጠየቅ ላያስብ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥያቄውን የሚያነሣው ታማሚው ራሱ መሆን ይኖርበታል።

ሦስተኛው ምክንያት የኑሯችን ሁኔታ ነው። ከሳን ሆዜ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ፣ በኦክላንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት የሚያድር፣ ወይም በመኪና ማቆሚያ በር ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ሆዱ ሲታወክበት ሊሄድበት የሚችል መጸዳጃ ቤት እንኳ በቅርብ አያገኝም። አንዳንዱ በሥራ ሰዓት ምግብ አለመብላትን እንደ መፍትሔ ይይዛል። የቀኑን ጾም ለሥራ ሲል የሚጾም ሰው ክብደቱ ሲቀንስ በልፋቱ ያሳብበዋል እንጂ በሽታ ነው አይልም። ስለ ተቅማጥ ለሌላ ሰው መናገርም ነውር ነው። አባቶች «ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይመስለናል።

እንጀራችን በስደት ምን ሆነ?

ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ስለ ሴሊያክ ሲሰሙ የሚሰጡት የመጀመሪያ መልስ «እኛ እኮ ጤፍ ነው የምንበላው» የሚል ነው። በእርግጥም ጤፍ ሴሊያክን የሚያመጣው ዓይነት ግሉተን የለበትም። ነገር ግን በስደት የምንበላው እንጀራ ሁልጊዜ የጤፍ እንጀራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አሜሪካ የመጡት ወገኖቻችን ጤፍ ባጡ ጊዜ እንጀራን የጋገሩት ከገበያ በሚገኘው፣ እርሾ መሰል ዱቄት አስቀድሞ በተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት ነበር። ገብስና በቆሎም ይጨምሩበት ነበር። ይህ የብልሃት ሥራ እንጂ የሚያስነቅፍ አልነበረም። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ሠርቶ የነበረው አሜሪካዊው ዌይን ካርልሰን በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ማምረት ከጀመረበት ከ1980ዎቹ ወዲህ ዱቄቱ ቀስ በቀስ ቢገኝም፣ የቅልቅሉ ልማድ አልቀረም። ጤፍ ውድ ነው፤ ስንዴ የገባበት ሊጥ ደግሞ ለስላሳና በቀላሉ የሚገለበጥ እንጀራ ይወጣዋል። ስለዚህ በኦክላንድ ቴሌግራፍ አቬኑና በሳን ሆዜ መደብሮች በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሚሸጠው እንጀራ መካከል ከጤፍ ብቻ የተሠራም፣ ስንዴና ገብስ የገባበትም ይገኛል። መልኩ መጥቆሩ ብቻውን የጤፍ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

በአገር ቤትም ቢሆን ጤፍን ከገብስ ጋር ቀላቅሎ መጋገር በደጋው አገር የታወቀ ነው። ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ ሲቀላቀሉ በዚህ በሽታ ረገድ ጉዳት የላቸውም፤ ገብስና ስንዴ ግን አላቸው። ከእንጀራ ውጭ ያለውንም እንመልከት። ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ገንፎና የገብስ ቆሎ በግልጽ የተከለከሉ ናቸው። ጠላም ከገብስ ብቅል ስለሚጠመቅ የተከለከለ ነው፤ ከማርና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ግን እህል የለበትም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና ሥጋ በባሕርያቸው ነፃ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሽሮው ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ከተፈጨ፣ እንጀራውም ስንዴ ያለበት ሊጥ በፈሰሰበት ምጣድ ከተጋገረ ነፃነቱ ያጠራጥራል።

በመደብር ዕቃ ላይ የሚጻፈውን ማንበብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ስንዴ ያለበት የታሸገ ምግብ ይህንኑ በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ገብስና ራይ ግን በዚያ ሕግ ውስጥ አልተካተቱም፤ ስለዚህ ገብስ «ማልት» በሚል ስም ተሸፍኖ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ደንብ መሠረት ደግሞ «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ውስጥ ከ20 እጅ ያነሰ ግሉተን ብቻ ሊኖረው ይገባል። ቅልቅል እንጀራ ለዓመታት ሲበላ ኖሮ «እንጀራ አይስማማኝም» ብሎ ጤፍን የሚወነጅል ወገን መኖሩን እናውቃለን። ፍርዱ የተሰጠው ጥፋት በሌለበት እህል ላይ ሊሆን ይችላል።

ጤፍ በላቦራቶሪና በችሎት

ጤፍ በዚህ በሽታ ምክንያት በዓለም ዘንድ የታወቀበት ታሪክ ለጥናት ማኅበራችን አባላት ልዩ ትርጉም ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሆላንድ የላይደን ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን ከሴሊያክ ሕሙማን በተገኙ የመከላከያ ሕዋሳት ፈትነው፣ ሕዋሳቱ እንዳልተቆጡ በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳወቁ። በዚያው ዓመት አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍን የዘር ሀብት ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመጋራት ከኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሠረ። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በመጨረሻም የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ያ የባለቤትነት መብት በሆላንድ ዋጋ የለውም ሲል ወሰነ። ሄግ ዲከ በሕፃናት አልጋ አጠገብ ቆሞ ዳቦን የጠረጠረባት ከተማ መሆኗን አንባቢ ያስታውሳል።

በዚህ ክርክር ወቅት ስለ ጤፍ ባለቤትነት በስደት ያለን ብዙ ጽፈናል፤ ብዙም ተቆጥተናል። እህላችን መድኅን የሆነለት በሽታ በራሳችን ቤት ሊኖር እንደሚችል ግን እምብዛም አላነሣንም። የጤፍ ባለቤትነት የፖለቲካ ኢኮኖሚ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ ንጹሕ ጤፍ በስደተኛው ገበታ ላይ ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚል የጤና ጥያቄም ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ተወስዶ ሌላው ቢረሳ፣ የሚወሰደው ይህ እንዲሆን እንፈልጋለን፤ ከምርመራ በፊት ስንዴና ገብስ መተው አይገባም። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን ላይ የሚያሳየውን ቁጣ ነው። ግሉተኑ ከቀረ ቁጣው ይበርዳል፤ ፀረ አካላቱ ከደም ይጠፋሉ፤ የአንጀቱም ግድግዳ ይጠገናል። በዚህ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ በሽታው ያለበትን ሰው «የለብህም» ሊለው ይችላል።

በኦክላንድ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ሕመሙ ሲጸናበት ከሰው ሰምቶ ስንዴ ተወና ተሻለው። ከስምንት ወር በኋላ የደም ምርመራ አድርጎ ምንም አልተገኘበትም። ያ ውጤት ግን ነፃ ነህ የሚልም ታመሃል የሚልም አልነበረም። ሐኪሙ ለሳምንታት እንደገና ዳቦ እንዲበላ ሲነግረው፣ የሸሸውን ሕመም በፈቃዱ መጥራት ሆነበት። ብዙ የሕክምና መመሪያዎች እንዲህ ባለ ጊዜ ቢያንስ ለስድስት ሳምንታት በየቀኑ ግሉተን ያለበት ምግብ እንዲበላ ያዝዛሉ። ይህም መደረግ ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። ቅደም ተከተሉን ያወቀ ሰው ይህን ፈተና ሊያመልጠው ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ የደም ምርመራ ነው። ሐኪሙ የቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ ፀረ አካልን፣ ከእርሱም ጋር ጠቅላላ ኢሚኖግሎቡሊን ኤ እንዲለካ ሊጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው የሚያስፈልገው አንዳንድ ሰዎች ይህ ኢሚኖግሎቡሊን ከተፈጥሯቸው ስለሚያንሳቸው፣ የመጀመሪያው ምርመራ በሐሰት ነፃ ሊያወጣቸው ስለሚችል ነው። የደሙ ውጤት ጥርጣሬውን ካጠናከረ፣ የአንጀት ሐኪም በኢንዶስኮፒ ከቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ላይ በርከት ያሉ ጥቃቅን ናሙናዎችን ወስዶ ያስመረምራል። ጉዳቱ በአንድ ቦታ ኖሮ በሌላው ላይኖር ስለሚችል አንድ ናሙና አይበቃም። ቀደም ብለን የጠቀስነው የዘር ምርመራ ደግሞ በሽታውን አያረጋግጥም፤ ዘሩ ካልተገኘ ግን ጥርጣሬውን ለመዝጋት ይረዳል።

«ስንዴ ስተው ከተሻለኝ ምርመራው ለምን ይጠቅመኛል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። መልሱ አራት ነው። በመጀመሪያ፣ ሕመሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጃርዲያ፣ የወተት ስኳር አለመስማማት፣ የአንጀት መቆጣት ወይም ከዚህ የከፋ ነገር በሴሊያክ ስም ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሴሊያክ ከሆነ ጥንቃቄው ዕድሜ ልክና ፍጹም መሆን አለበት፤ በጥርጣሬ ብቻ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለማድረግ የሚጸና ሰው ጥቂት ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ የአጥንት፣ የደምና የታይሮይድ ክትትል ያስፈልጋል፤ ሳይታከም የቆየ በሽታም አልፎ አልፎ የአንጀት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። በአራተኛ ደረጃ፣ ከታማሚው ወላጆች፣ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ከአሥር አንድ ያህሉ በሽታው ሊገኝበት ስለሚችል፣ የአንድ ሰው ምርመራ የቤተሰቡም ጉዳይ ነው። በሽታውን የሚፈውስ ተቀባይነት ያገኘ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሕክምናው ከግሉተን መራቅ ብቻ ነው።

ከሐኪም ፊት፦ ቋንቋና መብት

በኦክላንድ ያለው ሃይላንድ ሆስፒታልና በሳን ሆዜ ያለው የሳንታ ክላራ ካውንቲ ሆስፒታል አቅም የሌላቸውንም የሚያስተናግዱ የሕዝብ ተቋማት ናቸው። በእነዚህም ሆነ በሌሎች የመንግሥት ገንዘብ በሚደርሳቸው የሕክምና ተቋማት እንግሊዝኛ የማይበቃው ሰው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ይህ መብት እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የመነጨ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ የጤና መድን ድርጅቶችን ይመለከታል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ለአባቷ ስለ ተቅማጥ እንድታስተረጉም ማድረግ ለልጅቱም ለአባቱም የሚከብድ ነው። አባት በልጁ ፊት ግማሹን ይውጠዋል፤ ሐኪሙም ግማሹን ብቻ ይሰማል።

አስተርጓሚም ቢኖር የሚያሳስት ቃል አለ። ከእነዚህም አንዱ «አጃ» ነው። ከተሜውና ብዙ መዝገበ ቃላት አሜሪካኖች ኦትስ ለሚሉት እህል ይህን ስም ይሰጡታል። በብዙ የአገራችን ገበሬዎች ዘንድ ግን አጃ ማለት ከስንዴ ወገን የሆነ ጥንታዊ እህል ነው፤ ግሉተንም አለበት። ኦትስ በባሕርዩ ከስንዴ የተለየ ሆኖ፣ ከስንዴና ከገብስ ጋር ካልተደባለቀ አብዛኞቹ ሕሙማን ሊበሉት ይችላሉ። የምግብ አማካሪዋ ንጹሕ ኦትስ ስትፈቅድ አስተርጓሚው «አጃ ተፈቅዶልዎታል» ካለ፣ ከአገር ቤት የመጣ የአጃ ዱቄት በቤታቸው ያለ እናት ምን እንደሚረዱ መገመት አያዳግትም። የቋንቋ ጥናት በሕክምና ቤት ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ለሐኪም የሚነገረውም ቢዘጋጅ መልካም ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ፣ ክብደት ምን ያህል እንደቀነሰ፣ የደም ማነስ በቤተሰብ ውስጥ መኖር አለመኖሩን፣ የሚበላው እንጀራ ከምን እንደተሠራ ጽፎ መሄድ ይጠቅማል። «እንጀራ እበላለሁ» ማለት ለአሜሪካዊ ሐኪም ምንም አይነግረውም፤ ጥቂት ያነበበ ከሆነም ጤፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። «የምበላው እንጀራ ስንዴና ገብስ አለበት» ማለት ግን ማስረጃ ነው።

ገበታ፣ ማኅበርና ቁርባን

በሽታው ከታወቀም በኋላ ሆነ በጥርጣሬው ዘመን ከሁሉ የሚከብደው ከሰው መለየቱ ነው። በእኛ ባህል ምግብ እምቢ ማለት ሰውን እምቢ ማለት ነው። ጉርሻ የሚመልስ ሰው ፍቅር እንደመለሰ ይቆጠራል። በለቅሶ ቤት፣ በክርስትና፣ በጽዋ ማኅበር ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ተቀድቶ ሲዞር፣ «ይቅርብኝ» የሚለው ሰው ኮራ፣ ተመጻደቀ፣ አሜሪካዊ ሆነ ይባላል። የተረጋገጠ የበሽታ ስም ያለው ሰው ቢያንስ የሚመልሰው ቃል አለው። በጥርጣሬ የሚኖረው ግን ይህም የለውም።

ከሁሉ የጠለቀው ጥያቄ የሚነሣው በቤተ ክርስቲያን ነው። ኅብስቱ የሚዘጋጀው ከስንዴ በመሆኑ፣ አማኝ የሆነ የሴሊያክ ታማሚ ከሥጋው ጤንነትና ከነፍሱ ምግብ መካከል የቆመ ሊመስለው ይችላል። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ ተነጋግረዋል። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2003 ግሉተኑ እጅግ የተቀነሰ የስንዴ ኅብስት እንዲፈቀድ ስትወስን፣ ፈጽሞ ግሉተን የሌለበትን ግን አልተቀበለችም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መልስ የመስጠት ሥልጣን የአባቶች እንጂ የዚህ መጽሔት አይደለም። ሆኖም ታማሚው ዝም ብሎ ከቁርባን ከሚርቅ፣ ወይም ዝም ብሎ ከሚጎዳ፣ ጉዳዩን ለነፍስ አባቱ ቢገልጽ፣ አባቶችም ጥያቄው እውነተኛ መሆኑን አውቀው ቢመክሩበት ይበጃል እንላለን።

ማኅበረሰቡ ሊያደርገው የሚችለው ከባድ አይደለም። በየእድሩና በየማኅበሩ ድግስ ከጤፍ ብቻ፣ በተለየ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ በተለየ መሶብ ቢቀመጥ፤ እንጀራ የሚሸጡ ወገኖቻችን የተቀላቀለውን እህል በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢጽፉ፤ በመካከላችን ያሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የቋንቋ ባለሙያዎች የእህሎቻችንን ስም ከእንግሊዝኛው ጋር በትክክል ያመሳከረ አጭር ዝርዝር አዘጋጅተው ለአስተርጓሚዎች ቢሰጡ፣ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ምግብ የመለሰውን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ በቅንነት መጠየቅም ከዚሁ ይቆጠራል።

ለማጠቃለል፣ ሴሊያክ በወገኖቻችን መካከል በምን ያህል መጠን እንደሚገኝ ገና ብዙ ጥናት ይጠይቃል። ጥናቱ እስኪደረግ ግን ሆዱ የሚታወክበት፣ ደሙ የሚያንስበት፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ ወገን ሊጠብቅ አይገባም። ስንዴውን ሳይተው ይመርመር፤ ከተረጋገጠበት በጽናት ይተው፤ ካልተገኘበትም ፍለጋውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይቀጥል። ከአባቶቹ የወረሰው እህል ከሕመሙ ጋር የሚስማማ መሆኑ ከብዙዎች የተሻለ ዕድል ነው። ይህን ዕድል ሊጠቀምበት የሚችለው ግን የሕመሙን ስም በትክክል ካወቀ በኋላ ነው።